«እናቴ ቀን ሂጂ ትለኛለች፣ ማታ ታለቅሳለች»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለመግባት ያላችሁን ጥያቄ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፣ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን አብዛኛው ስለ ግቢ ሳይሆን ስለ ቤት ነው፣ ስለ እናት፣ ስለ ታናናሾች፣ ስለ ጎረቤት ምን ይላል። ሦስቱን መርጬ እመልሳለሁ፣ ስም አላወጣም።

ጥያቄ፦ «እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከጎንደር አዘዞ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ከ600 412 አመጣሁ፣ ሰፈሩ እልል አለ እናቴም ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ምደባ ሲወጣ ግን ጅማ ደረሰኝ። አባቴ የቀን ሰራተኛ ነበር፣ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድገን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች እኔ ጠዋት ተሸክሜ ለየምግብ ቤቱ አደርሳለሁ ከዛ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ከኔ በታች 8ኛ እና 5ኛ ክፍል የሚማሩ ወንድምና እህት አሉኝ። አሁን ደሞ የእናቴ አይን በጭሱ ምክንያት እያስቸገራት ነው፣ እያለቀሰች የምትጋግርበት ቀን አለ። አክስቴ "የበኩር ልጅ ሆነሽ እናትሽን ጭስ ውስጥ ጥለሽ ልትሄጂ ነው? ወይ ካፌ ተቀጠሪ ወይ እንደ ሰው አረብ አገር ሂጂ" ትለኛለች። እናቴ ቀን ቀን ሂጂ ትለኛለች፣ ማታ የተኛሁ መስሏት ስታለቅስ እሰማታለሁ። ለአውቶቢስም ለብርድ ልብስም የሚሆን ብር የለንም፣ ሰው መጠየቅ ደሞ አፈርኩ። ዘንድሮ ቀርቼ ሰርቼ በሚመጣው ዓመት ብገባስ?»

መልስ፦ የኔ እናት ሂጂ። ይሄን መጀመሪያ ልበልሽና ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ያመጣሽው ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ እልል ቢልም በደንብ የገባችሁ አልመሰለኝም። የ2014 ዓ.ም ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሹን ያመጣው ከመቶ ተማሪ 3.3 ብቻ ነበር፣ በ2016ም ቢሆን 5.4 ነው የደረሰው። አንቺ እንጀራ ተሸክመሽ አድርሰሽ እየተመለስሽ ነው እዛ ውስጥ የገባሽው። ይሄን እድል በሚመጣው ዓመት አገኘዋለሁ ብለሽ አታስቀምጪው፣ ምክንያቱም ሪፖርት ሳታደርጊ ከቀረሽ ቦታው አንቺን እየጠበቀ አይቆይም። ገብተሽ ተመዝግበሽ ከዛ በኋላ የምር ችግር ቢመጣ ግን ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮ (ትምህርት ማቋረጫ) ፎርም ሞልተሽ ክሊራንስ (የግቢው ንብረት እንደሌለብሽ ማስረጃ) ጨርሰሽ ከወጣሽ በሪአድሚሽን፣ ማለትም በድጋሚ ቅበላ፣ የምትመለሺበት መንገድ አለ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ነው መመለሻ የሚቸግረው። ስለዚህ «ልቅር ወይስ ልሂድ» የሚለውን ከዛው ሆነሽ ነው የምታስቢው፣ ከቤት ሆነሽ አይደለም።

አሁን ስለ ማፈሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ማጣቱ ሳይሆን ማፈሩ ነው ብዙ ልጅ ከመንገድ ሲያስቀር ያየሁት፣ እኔንም ሊያስቀረኝ ነበር።

እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ግቢ ስገባ ሻንጣ ስላልነበረን ልብሴን በማዳበሪያ ነው የያዝኩት፣ እናቴ ጽሑፉ እንዳይታይ ብላ ማዳበሪያውን ወደ ውስጥ ገልብጣ በሲባጎ ሰፍታ አፉ ላይ ጥሩ ማንገቻ አበጀችለት። ዶርም ገብቼ አልጋ ላይ ሳስቀምጠው ግን በመብራቱ ጽሑፉ በጀርባው ጎልቶ ታየ፣ ፊደሉ ተገልብጦ። አብረውኝ የገቡት ልጆች ሻንጣ ሻንጣቸውን ሲከፍቱ እኔ ማዳበሪያውን አልጋ ስር ገፍቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ልብስ ማውጣት ስፈልግ መብራት እስኪጠፋ እጠብቅ ነበር። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የሰጠችኝ ብር ጌሾ ጌሾ ይሸት ስለነበር እሱንም ሰው ፊት ማውጣት አፍር ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሽታ ነው አሳድጎ እዛ ያደረሰኝ፣ ያኔ ግን አልገባኝም።

በሁለተኛው ወር ሃንድአውት ኮፒ ማድረጊያ አጣሁ። ከጓደኛ ተውሼ ሌሊት በእጄ እየገለበጥኩ ትንሽ ሄድኩ፣ ከዛ አልቻልኩም። አንድ ቢሮ ሄጄ ችግሬን ልናገር ስል እዛ የተቀመጠው ሰውዬ «ከሌለሽ ታዲያ ለምን መጣሽ?» አለኝ። ምንም ሳልመልስ ወጣሁ፣ ዶርም ሄጄ ማዳበሪያዬን ጠቅልዬ ሲመሽ ልወጣ በሩ ላይ ስደርስ ፕሮክተራችን፣ የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ማዳበሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ተቀመጪ እስቲ» አሉኝና ከራሳቸው ዳቦና ሻይ ሰጡኝ። እየበላሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። በነጋታው እጄን ይዘው ሴት ተማሪዎችን የሚረዳው ቢሮ ወሰዱኝ፣ ለኮፒ የሚሆን ብርና ቱቶሪያል አገኘሁ፣ እዛ ቢሮ በር ላይ ወረፋ የያዝነው ብዙ ነበርን፣ ከዶርሜ እንኳ ሻንጣ ካላቸው ልጆች አንዷ እዛ ቆማ አገኘኋት። ለሁለት ወር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን እየተደባበቅን ነበር ማለት ነው።

ደሞ አንቺ ያለሽው ጎንደር ነው እኮ። እኛ አገር ተማሪ ለምኖ ነው የተማረው። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲዞር፣ ውሻ እያባረረው፣ ያገኛትን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ተመልሶ ቀለሙን ሲያጠና ማንም ነውረኛ አላለውም፣ እናቶቻችን እንዲያውም ለተማሪ የሚሆን ነገር ከሌማቱ ያስቀሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አቋቋም ሊማር ጎንደር በአታ ድረስ በእግሩ የመጣው ሁሉ የሰው እህል በልቶ ነው መሪጌታ የሆነው። ዛሬ የቀበሌ ደብዳቤ ይዘሽ ድጋፍ ብትጠይቂ የምታደርጊው እሱኑ ነው። አጼ ቴዎድሮስንም ቢሆን እናታቸው ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ተብሎ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፣ በ1847 ነገሡ፣ አሁን ከተማችን ላይ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ የእንጀራ ጋጋሪ ልጅ መባልን አትፍሪው።

አሁን የሚሠራውን እንነጋገር። ከምትሄጂበት ቀን በፊት ቀበሌሽ ሄደሽ የድህነት ማስረጃ ደብዳቤ አጽፊ፣ ማህተሙ በደንብ መታየቱን እይ፣ ሦስት አራት ኮፒ አድርጊው። የአባትሽን ሞት የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ እሱንም ያዢ። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ ፎቶ፣ እነዚህ ኦሪጅናልም ኮፒም በፌስታል ሆነው በእጅሽ ባለው ቦርሳ ይሁኑ፣ ከአውቶቢሱ ጣራ ላይ አይጫኑ። ጅማ ስትደርሺ በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች ዲን ቢሮና የሥርዓተ ጾታ ቢሮ የት እንደሆኑ ጠይቂ፣ ደብዳቤሽን ስጪ፣ እስኪቸግርሽ አትጠብቂ። አንዱ ቢሮ ቢመናጨቅብሽ ሌላው ጋር ሂጂ። የበጎ አድራጎት ክበብ አለ፣ ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ግቢ ጉባኤ አለ፣ ሙስሊም ከሆንሽ ጀመዓው አለ፣ አዲስ ተማሪ (ፍሬሽማን) ሲመጣ ብርድ ልብስና አንሶላ የሚሰጣጡት እነዚህ ውስጥ ነው።

ለመንገዱ ግን ዕድራችሁ ጋር ሂጂ። እናትሽ ትሂድ አላልኩም፣ አንቺ። እናትሽ ስንት ዓመት ዕድር የከፈለች ሴት ናት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ዕድር ልጅ ሲያልፍለት አውቶቢስ ማሳፈር አያቅተውም፣ ቡና የጠጡት ጎረቤቶችም አሉ። «ተበድሬ ነው፣ ሥራ ስይዝ እመልሳለሁ» በይ፣ ልብሽም ቀለል ይልሻል። ጅማ ሩቅ ነው አዎ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ከዛ ደሞ ወደ 350 ገደማ ይቀርሻል፣ ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ፣ ጅማ የደረሳቸው የጎንደር ልጆች ካሉ ትምህርት ቤትሽን ጠይቀሽ አብራችሁ ውጡ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመናኸሪያ አጣሩ። ምደባ ላስቀይር እንዳትይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው በተማሪው በራሱ ህመምና በመሳሰለው በሐኪም ማስረጃ ነው፣ እሱን ስትጠብቂ ምዝገባው ያልፍሻል።

ስለ እናትሽ አይን። ጭስ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ እኛ ክልል ትራኮማ የበዛበት ነው፣ ሳትሄጂ አንድ ቀን ሥራ ፈትታችሁ ሐኪም ይያት፣ የጎንደር ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። የጤና መድን ካርድ ከሌላችሁ ቀበሌው መክፈል የማይችሉ ብሎ እንዲመዘግባችሁ ጠይቂ፣ መዋጮውን መንግስት የሚሸፍንላቸው ድሆች አሉ። ሌላው ምድጃው ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ከሆነ የምትጋግረው ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ አለ፣ እንጨቱን እስከ ግማሽ፣ ጭሱንም ይቀንሳል፣ ብዙ ለምትጋግር ሴት በእንጨት ዋጋ ብቻ ራሱን ይመልሳል። ወንድምሽ 8ኛ ክፍል ነው፣ እንጀራ ማድረስ ይችላል። ወንድ ልጅ እንጀራ አይሸከምም የሚል ካለ አንቺ በእሱ ዕድሜ ተሸክመሻል በይልኝ።

አክስትሽን አልቀየማትም፣ ለእህቷ አዝና ነው። ግን ሂሳቡን አብረሽ ቁጭ ብለሽ አስረጃት፦ ግቢ ስትገቢ ምግብና መኝታ አለሽ፣ ቤቱ አንድ ጉርሻ ይቀንስለታል እንጂ አይጨምርበትም። አረብ አገር የሚባለው ደሞ ለደላላው የሚከፈለው ብድር መጀመሪያ የሚያርፈው እናትሽ ትከሻ ላይ ነው፣ በሰላም ይመለሱ አይመለሱ ሳይታወቅ። በዛ ውጤት ይሄን ማድረግ እኔ እሺ አልልም።

የእናትሽን ለቅሶ አትቅሪ ማለት አድርገሽ አትተርጉሚው። ልጇን አቅፋ ያላደረችበት ሌሊት የለም፣ ትለምደዋለች። የምትሄጂበት ዋዜማ ሌሊት 9 ሰዓት አብረሻት ተነሺና አብራችሁ ጋግሩ፣ ያኔ ማልቀሷን እንደሰማሽ ንገሪያት።

ጥያቄ፦ «እህቴ እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሕግ ተማሪ ነኝ፣ የመጣሁት ከበለሳ ነው፣ በክራንች ነው የምሄደው። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ነው የምማረው፣ ወርሃዊ ብር አገኛለሁ። ችግሬ ቤተሰብ ነው። ልጃችን ፈረንጅ ደሞዝ ይከፍለዋል ብለው አስወርተዋል፣ ወንድሜ በሬ ሞቶብኛል ላክ ይለኛል፣ አጎቴ ለሰርግ ይለኛል። አልልክም ካልኩ "ድሮ በጀርባችን አዝለን ትምህርት ቤት ያደረስንህ" ይሉኛል፣ እውነት ነው ወንድሜ ሁለት ዓመት አዝሎኛል። ባለፈው ሴሚስተር ልኬ ልኬ እኔ መጽሐፍ አጣሁ ውጤቴም ወረደ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው «አትላክ፣ የትምህርት ብር ነው» ይልሃል፣ እኔ እንደዛ አልልህም። አዝሎህ ትምህርት ቤት ያደረሰ ወንድም በሬው ሲሞት ዝም ማለት አትችልም፣ ብትችልም ሌሊት አያስተኛህም፣ ያልተኛ ተማሪ ደሞ አያነብም።

ግን የሚላከው ነገር ወሰን ይኑረው። ብሩ ሲገባ መጀመሪያ የመጽሐፍ፣ የኮፒና የትራንስፖርትህን አንሳ፣ ከዛ ከሚተርፈው አንድ የማይቀየር ትንሽ መጠን ለይ፣ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ለወንድምህ ብቻ ላክ፣ ቀኑን አስቀድመህ ንገረው። በየወሩ ስልክ እየጠበቁ ከመለመን ቀኑ የታወቀ ትንሽ ይሻላል፣ ለሱም ለአንተም። ለሰርግ አትላክ። አጎትህን በአክብሮት «አባባ ሥራ ስይዝ የልጅዎን ልጅ እኔ እድራለሁ» በለው፣ ከዛ በላይ አትከራከር።

ትልቁ ነገር ግን የማያዩትን ነገር ነው እንደ ሀብት የሚያስቡት። ወንድምህን አንድ ቀን ጎንደር ጥራው። ዶርምህን ይየው፣ ካፌ የምትበላውን አብሮህ ይይ፣ የምታነበውን የሕግ መጽሐፍ ውፍረቱን በእጁ ይያዘው፣ ብሩ ምን ላይ እንደሚያልቅ ወረቀት ላይ ጽፈህ አንብብለት። ስለ ስኮላርሺፑም እውነቱን ንገረው፦ ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2009 ዓ.ም የጀመረው ነው፣ በ10 ዓመት 450 ልጆችን ለማስተማር የታሰበ፣ እንደ አንተ አካል ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች ቅድሚያ የሚሰጥ። ደሞዝ አይደለም፣ ስትመረቅ ይቆማል። ይሄን ከአንተ አፍ የሰማ ወንድም አገር ቤት ተመልሶ ሌላውን ዝም የሚያሰኝልህ እሱ ነው፣ አንተ በስልክ የማትችለውን።

የወረደውን ውጤትህን ደሞ ለፕሮግራሙ አስተባባሪዎች ራስህ ሄደህ ንገር። በወረቀት ከሚያዩት ከአንተ ቢሰሙት ይሻላል፣ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ ተጠቀምባቸው።

ጥያቄ፦ «ይሄን የሚጽፍልኝ የልጄ ጓደኛ ነው። እኔ አራዳ ጉልት ቸርቻሪ ነኝ፣ ባሌ የለም፣ ያለኝ አባቱ የተወልን የጭቃ ቤት ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተመስገን፣ ግን "ኮስት ሼሪንግ የሚባል ውል ፈርም አሉኝ፣ እዳ ነው" አለኝ። ልጄ ሥራ ባያገኝ ቤቴን ይወስዱብኛል? ካልሆነ ይቅርበት?»

መልስ፦ እናቴ፣ አይቅርበት፣ ይፈርም። ቤትዎን ለዚህ ብሎ የሚወስድብዎ የለም፣ እዳው የልጅዎ ነው፣ የሚከፈለውም ሥራ ይዞ ደሞዝ ሲያገኝ ከራሱ ደሞዝ ላይ እየተቆረጠ ነው።

ኮስት ሼሪንግ ማለት ወጪ መጋራት ነው፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ተማሪው የበላበትንና የተኛበትን ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ይመልሳል ይላል ደንቡ ሲወጣ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ቢበዛ በ15 ዓመት። ልጅዎ የሚፈርመው ውል ላይ የዓመቱ ብር ተጽፎ ስለሚያገኘው ከመፈረሙ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፣ አይፍሩ፣ ያልገባዎትን ይጠይቁት።

አንድ ነገር ግን ልጅዎን ይምከሩት። አንዳንድ ልጆች ካፌ አልበላም ብለው የምግቡን ብር በእጃቸው ይወስዳሉ፣ ነን ካፌ ይባላል፣ በእጅ ስለተሰጠ ነፃ ይመስላቸዋል፣ እሱም ያው እዳው ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ብሩን ወስዶ ከእርስዎ ሽንኩርትና ጎመን ማዕድ እየበላ ለልብስ የሚያጠፋ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው። ወስዶ ለቤት አስቤዛ የሚያውል ከሆነ ግን አውቃችሁት ተስማምታችሁ ይሁን።

ተመርቆ ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊያወጣ ሲሄድ የኮስት ሼሪንጉን ነገር ይጠይቁታል፣ ያኔ ወረቀቱ የለም ብሎ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት በየዓመቱ የፈረመውን ውል ኮፒ ይዞልዎ ይምጣ። እርስዎ በፌስታል ጠቅልለው ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡት።